ለምግብ መራጯ ቡቺ ጥሬ ሥጋ በየሁለት ሳምንቱ ላስመጣ?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ለምና ለምና ከመጠለያ ውሻ አመጣችልን። ቡቺ እንላታለን። የሺ ዙ ቅልቅል ናት፣ አራት ዓመቷ ነው፣ 13 ፓውንድ ትመዝናለች። ችግራችን ምግቧ ነው። ደረቁን ምግብ አሽትታ ጥላው ትሄዳለች። ሦስት ዓይነት ቀያየርንላት፤ ለጥቂት ቀን ትበላና ታቆማለች። እናቴ አብራን ትኖራለች። ‹ፍጥረት እንዴት ጦሟን ታድራለች?› እያለች ከገበታ ታጎርሳታለች። ያን ጊዜ ግን ቡቺ ጥርግ አድርጋ ነው የምትበላው። አሁን ልጄ በረዶ የሆነ ጥሬ የውሻ ምግብ በየሁለት ሳምንቱ ቤት ድረስ የሚልክ ድርጅት አግኝታለች። የመጀመሪያው ሳጥን በግማሽ ዋጋ 62 ዶላር ነው፣ ከዚያ በኋላ 124 ይሆናል። ካርዴን አስገብታ ተመዝግባለች። ባለቤቴ ‹እኛስ ጥሬ ሥጋ እንበላ የለ? ለውሻ ምን ይሆናል?› ይላል። ጾም በመጣ ቁጥር ለውሻ ብሎ ሥጋ መቀቀል ስለሚከብደኝ እኔም ልቤ ወደዚያው እያለ ነው። የሚያሳስበኝ የሦስት ዓመቱ ልጄ ነው፤ ቡቺ ፊቱን ስትልሰው ነው የምትውለው። ምን ትመክሩኛላችሁ? ግራ የገባት ነኝ።»

እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ጥሬውን ተዪው። የሦስት ዓመት ልጅና በዕድሜ የገፉ እናት ባሉበት ቤት ጥሬ የውሻ ምግብ ማስገባት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ቡቺም ከነገርሽኝ ስነሣ ሳህኗን ጥላ የምትሄደው ጥሬ ሥጋ ጎድሏት አይመስለኝም። ምክንያቴን ላስረዳሽ። ባለቤትሽና ልጅሽም አብረውሽ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ከምንም በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት። ቡቺ መብላት አልፈልግም ብላ ነው ወይስ አልችል ብላ? ሺ ዙና መሰሎቹ ትንንሽ ውሾች ጥርሳቸው በጠባብ አፍ ውስጥ ተጨናንቆ ስለሚበቅል የጥርስና የድድ ሕመም ቶሎ ያገኛቸዋል። ጥርሱን የሚያመው ውሻ ደግሞ አይጮህም፣ አያለቅስም። በጉጉት ወደ ሳህኑ ይመጣል፣ ያሸታል፣ አንድ ሁለት ፍሬ ያነሣል፣ ከዚያ ከአፉ ጥሎት ይሄዳል። ለስላሳ ነገር ሲሰጡት ግን ይበላል። ለሚያየው ሰው ቅብጠት ይመስላል። ኩላሊቱን፣ ጉበቱን ወይም ቆሽቱን የሚያመው ውሻም ስለሚያቅለሸልሸው ምግብ ይመርጣል።

ስለዚህ ለሳጥኑ ከምታወጪው 124 ዶላር በፊት የእንስሳት ሐኪም (ቬት) ዘንድ ውሰጃት። አፏን ከፍቶ በደንብ ይይላት። ክብደቷን ካለፈው ጋር ያስተያየው። ካስፈለገም ደም ይወሰድ። ምን ምን እንደምትበላ ስትነገሪው የእናትሽን ጉርሻ አትደብቂ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያፍርና «ደረቅ ምግብ ብቻ ነው የምንሰጣት» ይላል፤ ሐኪሙም በሌለ ነገር ላይ ተመሥርቶ ሲደክም ይውላል።

ጤነኛ ናት ከተባልሽ ወደ ገበታው እንመለስ። 13 ፓውንድ ስድስት ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ያህል የምትመዝን አዋቂ የቤት ውሻ በቀን ከ350 እስከ 400 ካሎሪ ይበቃታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ከ110 ካሎሪ በላይ አለው። እስቲ አስቢው፤ ወጥ የራሰ እንጀራ ከእናትሽ፣ ቁራሽ ቺዝ ከትንሹ ልጅሽ፣ ሁለት የውሻ ብስኩት ከባለቤትሽ፣ ትምህርት ቤት ውላ ስትመጣ ደግሞ ሌላ ከትልቋ። እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ነው የሰጣት። ቡቺ ግን ሳህኗ ጋ ስትደርስ የቀኗን ግማሽ በልታ ጨርሳለች። በዚያ ላይ ደረቁን እምቢ ካለች የተሻለ ነገር እንደሚመጣ ታውቃለች። ውሻ ሲባል ይህን ለመማር ሁለት ቀን አይፈጅበትም። ደጋግማ ያየችው ነገር ነው፣ ስለዚህ ትጠብቃለች።

ከካሎሪው የሚብሰው ደግሞ ሽንኩርቱ ነው። ይህን ለእናትሽ በአክብሮት፣ ግን ሳታለሳልሺ ንገሪያቸው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። መብሰላቸው መርዙን አያጠፋውም። ዶሮ ወጥ ቁሌቱ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚበላ አንቺው ታውቂዋለሽ፤ ድስት ሙሉ ከትፈሽ ነው እፍኝ የሚያህል የሚቀርሽ። ሽሮውና ምስሩም በሽንኩርት የተሠሩ ናቸው፣ ስለዚህ የጾም ወጥ ነው ብለሽ አትዘናጊ። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከቀናት በኋላ ድዷ ይነጣል፣ ትደክማለች፣ ሽንቷ ይጠቁራል። ቅባት የበዛበት ምግብ ደግሞ ቆሽትን ያስቆጣል፤ ያ ሕመም ብዙ ውሻ ሆስፒታል አስተኝቷል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ ስንጥር ስለሚሆን እሱም አይሰጥም። ዘቢብና የወይን ፍሬም እንዲሁ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ጥያቄ ልምጣ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በእኛ ሰው ቤት ሁሉ የሚነሣ ነው። ግን እኛ የምንበላው ጥሬ ሥጋና በሳጥን የሚመጣው የውሻ ጥሬ ምግብ አንድ አይደሉም። ሥጋ ቤት ሄዶ ጥሬ የሚያዝ ሰው ጠዋት የታረደ በሬ ተሰቅሎ እያየ፣ ከሻኛው ወይ ከታላቁ ያስቆርጣል፤ እዚያው በቢላዋው እየቆረጠ ይበላል። ባክቴሪያ በብዛት የሚቀመጠው በሥጋው ላይኛ ገጽ ላይ ነው። የውሻው ምግብ ግን ግፋፊው፣ ሆድ ዕቃው፣ አጥንቱ ሁሉ አንድ ላይ ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው። ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ከብዙ እንስሳ የመጣ ሥጋም አንድ ማሽን ውስጥ ይቀላቀላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙዎቹ ውስጥ ዶሮ አለ። ባለቤትሽ ጥሬ ዶሮ በልቶ ያውቃል? በእኛ ቤት ዶሮ ብልት በብልት ተገንጥሎ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ፣ እንደገና ታጥቦ፣ ከዚያም ቁሌት ውስጥ ሰዓታት ፈጅቶ ነው የሚበላው። እናቶቻችን ያን ሁሉ የሚለፉት ያለ ነገር አይደለም።

የራሳችን ጥሬ ሥጋም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። አያቶቻችን ኮሶ የጠጡት ለምን ነበር? የኮሶ ትል የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። ልጅሽ ምናልባት «እሱማ በረዶ ሆኖ ነው የሚመጣው» ትልሽ ይሆናል። በደንብ መቀዝቀዝ ብዙውን የሥጋ ትል ይገድላል፣ እውነቷን ነው። ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ የሚባሉትን ሕመም አምጪ ባክቴሪያዎች ግን አይገድልም፤ ሥጋው ሲቀልጥ ባክቴሪያውም መልሶ ይነሣል። በረዶ ሆኖ የደረቀውም (ፍሪዝ ድራይድ የሚሉት) ቢሆን ያው ነው።

ቁጥርም ልስጥሽ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ ኤፍዲኤ፣ ከ2010 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጥናት 196 ናሙና ጥሬ የቤት እንስሳት ምግብ መርምሮ ነበር። በ15ቱ ሳልሞኔላ፣ በ32ቱ ደግሞ አደገኛው ሊስቴሪያ ተገኘ። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም በ2012 ለውሻና ለድመት ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ሥጋ እንዳይሰጥ መክሯል። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦሪገን ውስጥ አንዲት የቤት ድመት በረዶ ከሆነ ጥሬ ምግብ በመጣ የወፍ ጉንፋን ሞታለች። በዚህ በሽታ ድመቶች ከውሾች ይልቅ ይጎዳሉ። ሆኖም ኤፍዲኤ በቀጣዩ ወር ጥሬ ምግብ አምራቾች የጥንቃቄ ዕቅዳቸውን እንደገና እንዲያዩ አዝዟል።

ቡቺ ራሷ በልታው ምንም ላትሆን ትችላለች። ብዙ ውሻ ሳልሞኔላ ያለበት ሥጋ በልቶ አይታመምም፤ ግን በሰገራውና በምራቁ ያስተላልፋል። የእኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። ቡቺ በልታ፣ ከንፈሯን ልሳ፣ ቀጥታ ወደ ትንሹ ልጅሽ ፊት ነው የምትሄደው። እሱ ደግሞ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ዕድሜ ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በሳልሞኔላ ክፉኛ ይጎዳል። ሊስቴሪያ ደግሞ በዕድሜ የገፉትንና ነፍሰ ጡሮችን ያጠቃል። እናትሽ ቡቺን በእጃቸው የሚያጎርሱ ሰው ናቸው። ጥሬው የገባ ዕለት የሚያጎርሱት ምን እንደሚሆን ገምቺ።

ስለ ጥሬ ምግብ የሚነገረው ሁሉ ሐሰት ነው አልልሽም። የሚመግቡት ሰዎች ሰገራው ያንሳል፣ ጠንከር ይላል ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ፀጉሯ ያምራል ይላሉ፤ ቅባትና ጥሩ ፕሮቲን ያለው ምግብ ሁሉ ያንን ያደርጋል፣ የበሰለውም ጭምር። «ውሻ ተኩላ ነው፣ እህል አይስማማውም» የሚለውን ግን አትቀበይ። በ2013 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ውሻ ከተኩላ ይልቅ ስታርች የሚፈጩ ብዙ የጂን ቅጂዎች እንዳሉት አሳይተዋል። ከሰው ጋር ሲኖር ከሰው ጋር መብላት ተምሯል።

ምግብ የሚመርጥ ውሻ ጥሬውን ሲያገኝ እንደሚሻማበትም አውቃለሁ። ይሸታል፣ ቅባት አለው፣ እርጥብ ነው። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ሳህን የሚልስ ውሻ የውሸት አይደለም። ነገር ግን ቡቺ ያንን ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ አድርጋዋለች። አዲስ ነገር ስትሰጪያት ትበላለች፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ታቆማለች። የአሁኑ ልዩነቱ ስታቆም ፍሪዘርሽ ውስጥ የሁለት ሳምንት ሥጋ ተቀምጦ፣ ሌላ ሳጥን ደግሞ መንገድ ላይ መሆኑ ነው።

ሒሳቡንም እንሥራው። በየሁለት ሳምንቱ 124 ዶላር በዓመት 26 ጊዜ ይከፈላል፤ 3,224 ዶላር ይሆናል። ለስድስት ኪሎ ውሻ! ለአገር ቤት የምትልኪውን፣ የልጆቹን ወጪ አስቢና ከጎኑ አስቀምጪው። 62 የሚለው ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚታየው። ማንኛውንም የውሻ ምግብ ከሌላው ጋር ስታወዳድሪ በፓውንድ አትሂጂ፤ እርጥቡ ውስጥ ያለው ብዙው ውኃ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ካሎሪ እይና ለቡቺ የቀን 375 ካሎሪ ስንት ዶላር እንደሚፈጅ አስይ። ያን ጊዜ ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታይሻል።

ልጅሽ ግን ከልቧ እንደሆነ ይሰማኛል። ውሻዋን ትወዳለች፣ መፍትሔም ፍለጋ ወጥታለች። እምቢ ብለሽ ብቻ አትዝጊባት። በደንበኝነት ከሚላኩት ውስጥ የበሰሉም አሉ። ለምሳሌ ፋርመርስ ዶግና ኦሊ የሚልኩት ትኩስ ምግብ የበሰለ ነው፤ ብዙ ሰው ከጥሬው ጋር ያምታታዋል። የባክቴሪያው ሥጋት በጣም ይቀንሳል። ዋጋቸው ግን ርካሽ አይደለም፣ ስለዚህ ሙሉ ምግቧ ከማድረግ በፊት በደረቁ ላይ ጨመር እያደረጋችሁ ሞክሩት። እኔን ከጠየቅሽኝ ከሱቅ የሚገዛ የታሸገ እርጥብ ምግብ ይበቃል። ጾም ሲሆን ሥጋ ቀቅዪ አትባዪም፤ ቆርቆሮ ከፍቶ በማንኪያ መጨለፍ ብቻ ነው።

የፈለጋችሁትን ስትመርጡ ልጅሽ መለያውን ታንብብ፤ ይህ የእሷ ሥራ ይሁን። ኤኤኤፍሲኦ (AAFCO፣ ለእንስሳት ምግብ መመዘኛ የሚያወጣው የአሜሪካ ማኅበር) የሚለውን ስም ይዞ ምግቡ ለአዋቂ ውሻ የተሟላና የተመጣጠነ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ትፈልግ። አልፎ አልፎ ወይም በተጨማሪነት ብቻ የሚሰጥ ነው የሚል ከሆነ ብቻውን ሊያኖራት አይችልም። ከዚያ ለድርጅቱ ደውላ ቀመሩን ማን እንዳዘጋጀው ትጠይቅ። በሥነ ምግብ ስፔሻላይዝ ያደረገ የእንስሳት ሐኪም ካላቸው በኩራት ይነግሯታል። ካድበሰበሱባት ትለፈው። ጥሬ የሚሸጡት አንዳንዶቹ «በከፍተኛ ግፊት አጽድተነዋል» ይላሉ። ይህ ዘዴ ባክቴሪያውን ይቀንሰዋል፣ ፈጽሞ አያጠፋውም። በሦስት ዓመት ልጅ ላይ ግን መቀነስ አይበቃኝም።

የቤቱን ሥርዓት ደግሞ እንዲህ አድርጉት። ቬቱ ጤነኛ ናት ካለ አንድ ምግብ ብቻ ምረጡ። ወደ አዲሱ ስትሸጋገሩ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ፣ አዲሱን በየቀኑ ጨመር አድርጉ። በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ ተቅማጥ ሊይዛት ይችላል። ጠዋትና ማታ፣ በቀን ሁለቴ ይቅረብላት። ደረቁ ላይ ለብ ያለ ውኃ ጠብ አድርጉበትና ትንሽ ይቆይ፤ ሽታው ይወጣል፣ ለጥርሷም ይለሰልሳል። ሳህኑ ከተቀመጠ በኋላ ማንም አይለማመጣት፣ አጠገቧ ቁጭ ብሎም «ብዪ እንጂ» አይበላት። 20 ደቂቃ ሲሆን በላችም አልበላችም ይነሣ። እስከሚቀጥለው ሰዓት ድረስ ከገበታ ምንም የለም። መጀመሪያ ላይ ዓይኗን እያንከራተተች ከእግራችሁ ሥር ትሆናለች። ሆድሽ ይባባል፣ የእናትሽማ አይነገርም።

ለዚህ ነው እናትሽን ከዚህ ሥራ አታስወጪያቸው የምልሽ። ማጎረስ ፍቅራቸው ነው፤ አታጉርሷት ብትያቸው ተደብቀው ያጎርሷታል። ይልቅ የቀን ምግቧን በስኒ ለክተሽ ጠዋት ለእሳቸው ስጪያቸው። ማታ የምትቀርበውም ከዚያው ትሁን። በመሃል ሊያጎርሷት ካማራቸው ከዚያው ስኒ በእጃቸው ይስጧት። ቡቺም ከእሳቸው እጅ ስለሆነ ትቀበላለች። ስኒው ባዶ ሲሆን የዛሬው አለቀ ማለት ነው። ከስኒው ውጭ የሚሰጣት ነገር ካለ ከቀኗ ካሎሪ አንድ አሥረኛውን አይለፍ፤ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ የዶሮ ደረት፣ ወይ ትንሽ ካሮት ይሁን።

አንድ ገደብ ልንገርሽ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለጤነኛ ውሻ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች፣ ወይም ሳትበላ ካስመለሳት፣ ከደበታት፣ ውኃም ካልጠጣች ሰዓት አትቁጠሪ፣ በዚያው ቀን ለቬቱ ደውዪ። ትንሽ ውሻ ብዙ መቆያ የለውም።

ካርድሽን በተመለከተ ዛሬውኑ ልጅሽን ከጎንሽ አስቀምጪና አካውንቱ ውስጥ ግቡ። የሚቀጥለው ሳጥን የሚከፈልበትን ቀንና የመሰረዣውን የመጨረሻ ሰዓት ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ከመላኩ ቀናት ቀድሞ ይዘጋል። ሰርዙና ማረጋገጫው ኢሜይል እስኪመጣ አትነሡ። የመጀመሪያው ሳጥን ቀድሞ ተልኮ ከደረሰ ደግሞ ትንሹ ልጅ በሌለበት ክፈቺው። ውስጡ ደረቅ በረዶ ካለ በባዶ እጅ አይነካም፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ መስኮት ተከፍቶ በራሱ እስኪተን ይቀመጥ። ጥሬውን ከቤተሰቡ ምግብ ጋር ፍሪጅ አትክተቺ፤ ለድርጅቱ ደውለሽ እንደማትፈልጊውና ገንዘብሽ ይመለስ እንደሆነ ጠይቂ። የነካውን ጠረጴዛ በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቢ፣ ከዚያ በበረኪና አብሺው።